የክሪስቶና የዣን-ክሎድ የአደባባይ የጥበብ ሥራዎች

የክሪስቶና የዣን-ክሎድ የአደባባይ የጥበብ ሥራዎች በቡልጋሪያ የተወለደው ክሪስቶና በሞሮኮ የተወለደችው ባለቤቱ ዣን-ክሎድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በከተማ ጎዳናዎች፣ በድልድዮች፣ በመናፈሻዎች፣ በሐይቆችና በገጠር ሜዳዎች ያቀረቧቸው ግዙፍና ጊዜያዊ ሥራዎች ናቸው። በብዛት የሚታወቁት ሕንፃንና ድልድይን በጨርቅና በገመድ በመጠቅለል ነው። ከእነዚህም መካከል በፓሪስ የፖን ኔፍ ድልድይ (1985)፣ በበርሊን የራይሽስታግ ሕንፃ (1995) እና በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተተከሉት «በሮቹ» (2005) በሰፊው ይታወቃሉ።

አብዛኞቹ ሥራዎች ለሕዝብ የታዩት ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሲሆን ፈቃዳቸውን ለማግኘት ግን አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። የመግቢያ ክፍያ አልነበራቸውም፤ ጊዜያቸው ሲያበቃም ፈርሰው ቦታው እንደ ቀድሞው ይመለስ ነበር። በዚህ ምክንያት የሁለቱ አርቲስቶች ታሪክ የሕዝብ በሆነ ቦታ ላይ ትልቅ የጥበብ ትርዒት ለማቅረብ ፈቃድ፣ ገንዘብ፣ ምህንድስናና ደኅንነት እንዴት እንደሚቀናጁ ለማስረዳት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አርቲስቶቹ

ክሪስቶ ቭላዲሚሮቭ ያቫቼፍ እና ዣን-ክሎድ ደናት ደ ጊዬቦን የተወለዱት በአንድ ቀን፣ ጁን 13 ቀን 1935 ነው፤ እሱ በቡልጋሪያ ጋብሮቮ ከተማ፣ እሷ ደግሞ በሞሮኮ ካዛብላንካ። ክሪስቶ በሶፊያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ። በኮሚኒስቱ መንግሥት ዘመን የአካዳሚው ተማሪዎች ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በሚያልፍበት መስመር ዳር ወደሚገኙ መንደሮች ይላኩ ነበር። ሥራቸው ገበሬዎቹ የእርሻ መሣሪያቸውንና የድርቆሽ ክምራቸውን ለምዕራባውያን መንገደኞች ዓይን በሚያምር መልክ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ነበር። ክሪስቶ በኋላ እንደተናገረው፣ ከሥነ ጥበብ ዓለም ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር መነጋገርንና ሰፊ ቦታን እንደ ሥራ መድረክ መመልከትን የተማረው ያኔ ነው።

በ1957 መጀመሪያ ከፕራግ በዕቃ ማመላለሻ ባቡር ተደብቆ ወደ ቪዬና ሸሸ። ከዚያም በጄኔቫ በኩል አድርጎ በ1958 ፓሪስ ገባ፤ ከዣን-ክሎድ ጋርም እዚያው ተዋወቀ። ሁለቱ በ1964 ኑሯቸውን ወደ ኒው ዮርክ አዛወሩ። ሥራዎቹ ለረጅም ጊዜ በክሪስቶ ስም ብቻ ሲታወቁ ቆይተው፣ በ1994 ከቤት ውጭ ያሉት ትላልቅ ሥራዎች በሙሉ የሁለቱም እንደሆኑ አሳወቁ። ሥዕሎቹን የሚሠራው ክሪስቶ ሲሆን ድርድሩን፣ ገንዘቡንና የሥራውን አመራር በመምራት ዣን-ክሎድ ከፍተኛ ድርሻ ነበራት።

ያለ ፈቃድ የተዘጋው ጎዳና

ሁለቱ በከተማ ጎዳና ላይ ያቀረቡት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ፈቃድ አልነበረውም። የበርሊን ግንብ በ1961 ከተሠራ በኋላ፣ በፓሪስ ቪስኮንቲ የተባለውን ጠባብ ጎዳና በባዶ የዘይት በርሜሎች ለመዝጋት አሰቡ፤ የከተማው ባለሥልጣናትም ጥያቄያቸውን አልተቀበሉም። ሆኖም ጁን 27 ቀን 1962 ምሽት 89 በርሜሎችን ደርድረው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘጉት። ፖሊሶች ሲመጡ ዣን-ክሎድ አነጋግራ ጥቂት ጊዜ እንዲታገሡ አደረገች፤ ሥራው ለስምንት ሰዓታት ያህል ቆይቶ ተነሣ።

ይህ መንገድ ግን ለትናንሽ ሥራዎች ብቻ የሚያገለግል ነበር። በአንድ ሌሊት የሚደረደር በርሜል ያለ ፈቃድ ሊቀርብ ይችላል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ክሬኖችና ሺህ ቶን ብረት የሚፈልግ ሥራ ግን አይችልም። ስለዚህ በቀጣዮቹ ዓመታት ሁለቱ አርቲስቶች ወደ ድርድር ዞሩ።

ፈቃድ የማግኘት ሂደት

ክሪስቶና ዣን-ክሎድ የእያንዳንዱን ሥራ ዕድሜ በሁለት ይከፍሉት ነበር። የመጀመሪያውን «የሶፍትዌር ዘመን»፣ ሁለተኛውን «የሃርድዌር ዘመን» ብለው ይጠሩታል። በመጀመሪያው ዘመን ሥራው በሥዕል፣ በሞዴል፣ በማመልከቻና በስብሰባ ላይ ብቻ ይኖራል። በሁለተኛው ዘመን ደግሞ ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ብረቱ ተበይዶ ሥራው በአካል ይታያል። ሁለቱም በስብሰባው ውስጥ የሚነሣው ክርክር የሥራው አካል ነው ይሉ ነበር፤ ሰዎች ሥራውን ሳያዩት ለዓመታት ሲወያዩበት፣ ሲደግፉትና ሲቃወሙት ሥራው ትርጉም ያገኛል የሚል እምነት ነበራቸው።

የዚህ አሠራር ግልጽ ምሳሌ በካሊፎርኒያ በሶኖማና በማሪን አውራጃዎች የተተከለው «ሯጩ አጥር» (1976) ነው። 5.5 ሜትር ቁመትና 39.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ነጭ የናይለን ጨርቅ በ59 የከብት አርቢዎች የግል መሬት ላይ አለፈ። ለዚህም ከእያንዳንዱ ባለ መሬት ጋር በተናጠል መስማማት አስፈልጓል። በተጨማሪም 18 የሕዝብ ውይይቶች ተካሂደዋል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቧል፣ 450 ገጽ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናትም ተዘጋጅቷል። አጥሩ ለ14 ቀናት ብቻ ቆመ። ሲፈርስ ጨርቁ፣ የብረት ምሰሶዎቹና ገመዱ ለአርቢዎቹ ተሰጡ።

በከተማ ውስጥ ሂደቱ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንድ ድልድይ ወይም መናፈሻ በአንድ ጊዜ የብዙ አካላት ጉዳይ ነው፤ ባለቤትነቱ የከተማው ሊሆን ይችላል፣ የቅርስ ጥበቃው የመንግሥት፣ ትራፊኩ የፖሊስ፣ ከሥሩ ያለው ወንዝ ደግሞ የሌላ መሥሪያ ቤት። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ሥራው ይቆማል። በዙሪያው የሚኖሩትና የሚነግዱት ሰዎችም አስተያየት አላቸው፤ ፊርማቸው ባያስፈልግም ተቃውሟቸው በተመራጭ ባለሥልጣናት ላይ ጫና ያሳድራል። ሁለቱ አርቲስቶች ስለዚህ ከቢሮ ድርድር ጎን ለጎን ነዋሪዎችን በየሰፈሩ እያገኙ በማስረዳት ብዙ ጊዜ ያሳልፉ ነበር።

የገንዘብ ምንጭ

ክሪስቶና ዣን-ክሎድ ከመንግሥትም ሆነ ከድርጅቶች ድጎማ ወይም የማስታወቂያ ድጋፍ አይቀበሉም ነበር። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ትላልቅ የአደባባይ ትርዒቶች በከተማ አስተዳደር በጀትና በስፖንሰሮች የሚቆሙ በመሆናቸው ይህ አሠራር ያልተለመደ ነው። ምክንያታቸው ነፃነት ነበር፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው ቅርጹን፣ ቀለሙን ወይም ጊዜውን ለመወሰን ሊጠይቅ ይችላልና።

ወጪው የሚሸፈነው ክሪስቶ ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ የሚሠራቸውን ንድፎች፣ ኮላዦችና ሞዴሎች፣ እንዲሁም የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ቀደምት ሥራዎቹን ለሙዚየሞች፣ ለነጋዴዎችና ለሰብሳቢዎች በመሸጥ ነበር። ንድፎቹ የሚሠሩት ትልቁ ሥራ ከመቅረቡ በፊት ብቻ ነው፤ ሥራው በአካል ከታየ በኋላ ክሪስቶ ስለዚያ ሥራ አዲስ ሥዕል አይሠራም። የፈቃዱ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚሸጡ ንድፎችም ስለሚበዙ፣ የዓመታቱ ጥበቃ ራሱ ለሥራው ገንዘብ ያጠራቅም ነበር ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ፈቃድ ሳይገኝ ከቀረ ለጥናትና ለሙከራ የወጣው ገንዘብ በሙሉ የአርቲስቶቹ ኪሳራ ይሆናል።

«በሮቹ» ወደ 21 ሚሊዮን ዶላር፣ በጣሊያን የቀረበው «ተንሳፋፊ መተላለፊያዎች» ደግሞ ወደ 15 ሚሊዮን ዩሮ ፈጅተዋል። በትከላው ላይ የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር።

ምህንድስናና ትከላ

ከሩቅ ቀላል ጨርቅ የሚመስለው ነገር በመሐንዲሶች ዘንድ ትልቅ ሸራ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስበት እንደ ጀልባ ሸራ ይጎትታል። በኮሎራዶ ሁለት ተራሮችን በሚያገናኝ ገመድ ላይ የተሰቀለው «የሸለቆ መጋረጃ» ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ1971 የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ጨርቁ ተቀድዶ ከሸፈ። ኦገስት 10 ቀን 1972 በተሳካ ሁኔታ ቢሰቀልም ከ28 ሰዓታት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ስለመጣ እንዲወርድ ተደረገ።

በኋለኞቹ ሥራዎች የሚከተለው ቅደም ተከተል እየተለመደ መጣ፦

* የቦታው ልኬት ተወስዶ የነፋስና የክብደት ጫና ይሰላል።
* ከሕዝብ ዓይን ራቅ ባለ ቦታ ናሙናው በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቶ ይሞከራል።
* ጨርቁ፣ ገመዱና ብረቱ በፋብሪካ ተሠርተው ይከማቻሉ።
* በቦታው ላይ ቅርሱን እንዳይጫን የሚከላከል የብረት ማቀፊያ ይቆማል።
* ጨርቁ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወይም ሰዓታት ውስጥ ይዘረጋል።
* ትርዒቱ በሚታይበት ጊዜ ተከፋይ ተቆጣጣሪዎች ሌት ተቀን ሥራውን ይጠብቃሉ፣ ለጎብኚዎች ያስረዳሉ።
* ሥራው ፈርሶ ቁሳቁሱ ለሌላ አገልግሎት ይውላል፤ ቦታው ይጸዳል።

የመጨረሻው ነጥብ ለፈቃዱ ወሳኝ ነው። ባለሥልጣናትን በቅድሚያ የሚያሳስበው ሥራው ከተነሣ በኋላ በድንጋዩ፣ በዛፉ ወይም በአስፋልቱ ላይ ምን ጉዳት ይቀራል የሚለው ነበር።

የፖን ኔፍ ድልድይ

ፖን ኔፍ ስሙ «አዲስ ድልድይ» ማለት ቢሆንም በፓሪስ በሴን ወንዝ ላይ ከቆሙት ድልድዮች ሁሉ ጥንታዊው ነው። ሐሳቡ በ1975 ተጠንስሶ በሴፕቴምበር 1985 ተፈጸመ። ፈቃዱ የከተማውን ከንቲባ ዣክ ሺራክንም ሆነ ማዕከላዊውን መንግሥት ማሳመን ይጠይቅ ነበር።

የድልድዩ 12 ቅስቶች፣ ጎኖቹ፣ የመብራት ምሰሶዎቹና የእግረኛ መንገዱ ወደ 41,800 ካሬ ሜትር በሚጠጋ የአሸዋ ድንጋይ ቀለም ባለው ጨርቅ ተሸፈኑ፤ 13 ኪሎ ሜትር ገመድም ዋለበት። የትርዒቱ ዋና ፈተና ከተማው ሥራውን እንዳያቆም ማድረግ ነበር። በድልድዩ ላይ መኪኖች፣ በሥሩም ጀልባዎች ማለፋቸውን ቀጠሉ፤ እግረኞችም ጨርቁን እየረገጡ ተሻገሩ። 600 ተቆጣጣሪዎች በ40 በ40 ተከፍለው እየተፈራረቁ ሌት ተቀን ሠሩ። በ14 ቀናት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደጎበኙት ይገመታል።

የራይሽስታግ ሕንፃ

በ1971 በበርሊን የሚኖር ማይክል ከለን የተባለ አሜሪካዊ ለክሪስቶ ፖስት ካርድ ልኮ ራይሽስታግን እንዲጠቀልል ሐሳብ አቀረበለት። ሕንፃው የቀድሞው የጀርመን ፓርላማ ነበር። በ1933 ተቃጥሏል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በምዕራብ በርሊን ውስጥ፣ ከግንቡ ጎን ይገኝ ነበር። ከምሥራቁ ዓለም ሸሽቶ ለመጣው ክሪስቶ በምሥራቅና በምዕራብ ድንበር ላይ የቆመ ሕንፃ የተለየ ትርጉም ነበረው።

ጥያቄው በ1977፣ በ1981 እና በ1987 ውድቅ ተደረገ። በ1989 ግንቡ ከፈረሰና ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሪታ ዙስሙት ሐሳቡን ደገፉ። ክሪስቶና ዣን-ክሎድም ወደ ቦን እየተመላለሱ የፓርላማ አባላትን በየቢሮአቸው አነጋገሩ። ቻንስለር ሄልሙት ኮል ግን ተቃዋሚ ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 ፓርላማው ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከረበት። የተቃዋሚዎቹ ዋና ተናጋሪ ቮልፍጋንግ ሾይብለ ነበሩ። ብሔራዊ ምልክቶች ሕዝብን ሊያስተባብሩ እንጂ ሊከፋፍሉ እንደማይገባ፣ ይህን በመሰለ ሕንፃ ላይ ሙከራ ማድረግም ብዙ ሰዎችን እንደሚያስቀይም ገለጹ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው መጠቅለሉ ለሕንፃው ክብር እንጂ ውርደት እንዳልሆነ፣ ዴሞክራሲያዊት ጀርመንም በራሷ ታሪክ ላይ በግልጽ ለመወያየት እንደማትፈራ ያሳያል አሉ። በድምፅ አሰጣጡ 292 ደገፉ፣ 223 ተቃወሙ፣ 9 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። አንድ የጥበብ ሥራ ይታይ አይታይ የሚለው ጉዳይ በብሔራዊ ፓርላማ ክርክርና ድምፅ መወሰኑ ብዙም ያልተለመደ ክስተት ነበር።

ትከላው በጁን 1995 ተካሄደ። አሉሚኒየም የተቀባ 100,000 ካሬ ሜትር የፖሊፕሮፒሊን ጨርቅና 15.6 ኪሎ ሜትር ሰማያዊ ገመድ ጥቅም ላይ ዋለ። ሐውልቶቹና የድንጋይ ጌጦቹ እንዳይጎዱ በብረት ማቀፊያ ተከለሉ፤ 90 ባለሙያ ተራራ ወጪዎችም ጨርቁን እየፈቱ ከጣሪያው ወደ ታች አወረዱት። ሥራው ጁን 24 ተጠናቀቀ። በ14 ቀናት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጡ፤ ብዙዎቹ በሕንፃው ፊት ባለው ሣር ላይ ተቀምጠው ቀኑን አሳለፉ። ጁላይ 7 መፍረስ ጀመረ፣ ቁሳቁሱም ለዳግም አገልግሎት ዋለ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው በአርክቴክት ኖርማን ፎስተር ንድፍ ታድሶ በ1999 ዳግም የጀርመን ፓርላማ መቀመጫ ሆነ።

በሴንትራል ፓርክ የተተከሉት «በሮቹ»

«በሮቹ» የተሰኘው ሥራ በ1979 ሲታሰብ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ መንገዶች ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕዘናዊ በሮች ይተከሉ ነበር። በ1981 የከተማው የመናፈሻዎች ኃላፊ ጎርደን ዴቪስ ከ100 ገጽ በላይ በሆነ ሰነድ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። ከተነሡት ሥጋቶች መካከል ምሰሶዎቹን ለመትከል በመናፈሻው መሬት ላይ ብዙ ጉድጓድ መቆፈሩ አንዱ ነበር።

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ በ2003 ሥራውን ፈቀዱ። በመካከሉ ግን ንድፉም ተለውጦ ነበር። አዲሱ ንድፍ አንድም ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ በሮቹ የሚቆሙት እያንዳንዳቸው ከ270 ኪሎ ግራም በላይ በሚመዝኑ 15,000 ያህል የብረት መሠረቶች ላይ ሲሆን መሠረቶቹም በጠጠርና በአስፋልት መንገዱ ላይ ብቻ ተቀመጡ። በአጠቃላይ ወደ 4,900 ቶን ብረት አስፈልጓል። የእምቢታው ምክንያት በዚህ መልኩ የሥራውን ቅርጽ ለመለወጥ አገለገለ። ወቅቱ የካቲት ገደማ፣ ክረምቱ ያልወጣበትና ዛፎቹ ቅጠል የሌላቸው መሆኑም የጨርቁ ቀለም ከሩቅ እንዲታይ ረዳ።

ከፌብሩዋሪ 12 እስከ 27 ቀን 2005 ድረስ 7,503 በሮች በ37 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ላይ ቆሙ። የእያንዳንዱ ቁመት 4.87 ሜትር ሲሆን ወርዱ እንደ መንገዱ ስፋት ይለያይ ነበር። ጎብኚዎች አራት ሚሊዮን ያህል እንደነበሩና ለከተማው ኢኮኖሚ 254 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንቅስቃሴ እንደፈጠረ የከተማው አስተዳደር ገምቷል። ተቆጣጣሪዎች የጨርቁን ቁራጭ ለጎብኚዎች በነፃ ያድሉ ነበር።

አደጋዎችና የደኅንነት ጥያቄ

በኦክቶበር 1991 «ጃንጥላዎቹ» የተባለው ሥራ በሁለት አገሮች በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ በጃፓን ኢባራኪ 1,340 ሰማያዊ፣ በካሊፎርኒያ 1,760 ቢጫ ጃንጥላዎች ተተከሉ። እያንዳንዱ ጃንጥላ 6 ሜትር ቁመትና 8.66 ሜትር ስፋት ነበረው። ኦክቶበር 26 በካሊፎርኒያ ኃይለኛ ነፋስ አንዱን ጃንጥላ ከቦታው ነቅሎ አንዲት ጎብኚ ገደለ። አርቲስቶቹ በሁለቱም አገሮች ያሉት ጃንጥላዎች ወዲያውኑ እንዲዘጉ አደረጉ። ከቀናት በኋላ በጃፓን በማንሣቱ ሥራ ላይ ክሬን የኤሌክትሪክ መስመር ነክቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ።

ተመሳሳይ አደጋ በሌሎች አርቲስቶች ሥራም ደርሷል። በጁላይ 2006 በእንግሊዝ ቼስተር-ለ-ስትሪት ከተማ መናፈሻ ውስጥ በአርቲስት ሞሪስ አጊስ የተሠራ፣ ሰዎች ገብተው የሚጎበኙት በአየር የተነፋ ግዙፍ ሥራ ከማሰሪያው ተበጥሶ ወደ ላይ በመነሣቱ ሁለት ሴቶች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ሁለቱ ክስተቶች የሚጋሩት መንስኤ ነፋስ ነው። ጊዜያዊ ሥራ እንደ ሕንፃ ጥልቅ መሠረት የለውም፤ ቦታውን እንዳይጎዳ ቀላል ተደርጎ ይሠራል፣ ቀላልነቱም ለነፋስ ያጋልጠዋል። በዚህ የተነሣ የነፋስ ፍጥነት ከስንት በላይ ሲሆን ትርዒቱ እንደሚዘጋና ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ሌላው ፈተና የሕዝብ ብዛት ነው። በ2016 በጣሊያን ኢዜኦ ሐይቅ ላይ 220,000 ያህል ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ብሎኮችን በማያያዝ የተሠራው «ተንሳፋፊ መተላለፊያዎች» ጎብኚዎች በውኃ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር እንዲራመዱ አስችሏል። በ16 ቀናት ውስጥ ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰዎች መጡ። ቀንና ሌሊት ክፍት እንዲሆን ታስቦ የነበረ ቢሆንም ከተጠበቀው በላይ ሰው በመጉረፉ ለጽዳትና ለጥገና ሲባል ሌሊት እንዲዘጋ ተደረገ።

ያልተፈጸሙ ሥራዎች

በሁለቱ አርቲስቶች ታሪክ ከተሳኩት ሥራዎች ይልቅ ያልተሳኩት ይበዛሉ። ከእነዚህ ዋናው በኮሎራዶ የአርካንሳስ ወንዝን በተለያዩ ቦታዎች በጨርቅ ጣሪያ ለመሸፈን በ1992 የተጀመረው ዕቅድ ነው። በ2011 የፌዴራል መንግሥቱን ፈቃድ ቢያገኝም በዱር እንስሳት፣ በመንገድ መጨናነቅና በወንዙ ጸጥታ ላይ ሥጋት ያደረባቸው ነዋሪዎች በፍርድ ቤት ተከራከሩት። በጃንዩዌሪ 2017 ክሪስቶ ራሱ ዕቅዱን ተወው። ምክንያቱ ወንዙ የሚያልፍበት መሬት የፌዴራል መንግሥት በመሆኑ፣ ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዝዳንት በሆኑበት ጊዜ ያንን መንግሥት የሚጠቅም ሥራ መሥራት እንደማይፈልግ ነበር። ሃያ ዓመትና 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ በዚህ ቀረ።

በአቡ ዳቢ በረሃ ከ410,000 በርሜሎች ሊሠራ የታሰበው 150 ሜትር ቁመት ያለው «ማስታባ» ከ1977 ጀምሮ በዕቅድ ላይ ያለ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለየው ቋሚ እንዲሆን በመታሰቡ ነው። በተመሳሳይ ቅርጽ ከ7,506 በርሜሎች የተሠራ አነስተኛ ሥራ በ2018 በለንደን ሃይድ ፓርክ ሐይቅ ላይ ለሦስት ወራት ያህል ታይቷል።

የቅጂ መብት ጉዳይ

ሥራዎቹ ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ በነፃ በመታየታቸው የምስላቸው ባለቤት ማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። በ1986 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተጠቀለለው ፖን ኔፍ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ እንደሆነ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ የፓሪስ ፍርድ ቤት ደግሞ ነገርን የመጠቅለል ሐሳብ በጥቅሉ የማንም ብቸኛ ንብረት ሊሆን እንደማይችል በየነ።

በጀርመን ሕግ በአደባባይ በቋሚነት የቆመን ሥራ ማንም ፎቶ አንሥቶ ሊሸጥ ይችላል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በ2002 በሰጠው ውሳኔ ግን የተጠቀለለው ራይሽስታግ ለጥቂት ቀናት ብቻ የቆየ ስለሆነ ቋሚ አይደለም፤ ስለዚህ ምስሉን በፖስት ካርድ አትሞ ለመሸጥ የአርቲስቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ለራስ መታሰቢያ ፎቶ ማንሣት ግን በዚህ አልተከለከለም።

ትችትና አስተያየት

በሥራዎቹ ላይ የሚሰነዘሩት ትችቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ ለሚታይ ነገር ሚሊዮኖች ከሚወጡ ለሌላ ችግር ቢውሉ ይሻላል የሚል ነው። አርቲስቶቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ ገንዘቡ ከሥዕሎቻቸው ሽያጭ የተገኘ የራሳቸው ገንዘብ እንደሆነ ነበር። ሆኖም ለፖሊስ፣ ለትራንስፖርትና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች የሕዝብ ተቋማት ጫና እንደሚደርስባቸው ተቺዎች ያነሣሉ፤ በኢዜኦ ሐይቅ የታየው መጨናነቅም ይህን ክርክር አጠናክሯል።

ሁለተኛው የአካባቢ ጉዳይ ነው። ብዙ ጨርቅና ብረት ለአጭር ጊዜ መመረቱና በሥራው ወቅት እንስሳት መረበሻቸው ይነሣል። በሌላ ወገን በ1983 በማያሚ 11 ደሴቶች በሮዝ ጨርቅ ሲከበቡ በቅድሚያ ከደሴቶቹ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ ተነሥቷል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ነው። መናፈሻው ወይም ሕንፃው የሁሉም ከሆነ ለሁለት ሰዎች ሐሳብ መዋሉ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ደጋፊዎች እንደሚሉት የፈቃዱ ሂደት ራሱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ የሚቃወም ሁሉ ሐሳቡን ለመግለጽ ዓመታት ይኖሩታል፣ እምቢታም እውነተኛ ውጤት አለው። ብዙ ሥራዎች ሳይሠሩ መቅረታቸውም ይህንኑ ያመለክታል።

ክሪስቶ ሥራዎቹ ጠቃሚ አገልግሎት እንደሌላቸውና ለውበትና ለደስታ ብቻ እንደተሠሩ ደጋግሞ ይናገር ነበር። መልእክታቸው ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁም ሁለቱም አንድ ወጥ ትርጉም ከመስጠት ይቆጠቡ ነበር።

ከሁለቱ ሞት በኋላ

ዣን-ክሎድ ኖቬምበር 18 ቀን 2009፣ ክሪስቶ ደግሞ ሜይ 31 ቀን 2020 ሁለቱም በኒው ዮርክ አረፉ። በፓሪስ የሚገኘውን የአርክ ደ ትሪዮምፍ ሐውልት የመጠቅለሉ ሥራ መጀመሪያ ለ2020 ጸደይ ተይዞ ነበር። በሐውልቱ ላይ ጎጆ የሚሠሩ የጭልፊት ዓይነት አዕዋፍ እንዳይረበሹ ወደ መጸው ተላለፈ፣ ከዚያም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ሥራው በመጨረሻ ከሴፕቴምበር 18 እስከ ኦክቶበር 3 ቀን 2021 ክሪስቶ በተወው ንድፍ መሠረት ታየ።

25,000 ካሬ ሜትር ሰማያዊ ብርማ ጨርቅና 3,000 ሜትር ቀይ ገመድ ውሎበታል። በሐውልቱ ሥር በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ የሚነደው እሳት በትከላውም ሆነ በትርዒቱ ወቅት አልጠፋም፤ የዕለቱ የመታሰቢያ ሥርዓትም አልተቋረጠም። በዙሪያው ያለው ሰፊ የመኪና አደባባይ ቅዳሜና እሑድ ለእግረኞች ብቻ ተከፈተ።

በከተማና በአደባባይ የቀረቡ ዋና ዋና ሥራዎች

* የበርሜል ግድግዳ፣ ቪስኮንቲ ጎዳና፣ ፓሪስ (1962)፦ ያለ ፈቃድ፣ ስምንት ሰዓታት ያህል
* የተጠቀለለው ፖን ኔፍ፣ ፓሪስ (1985)፦ 10 ዓመት ዝግጅት፣ 14 ቀናት
* የተጠቀለለው ራይሽስታግ፣ በርሊን (1995)፦ 24 ዓመት ዝግጅት፣ 14 ቀናት
* በሮቹ፣ ኒው ዮርክ (2005)፦ 26 ዓመት ዝግጅት፣ 16 ቀናት
* ተንሳፋፊ መተላለፊያዎች፣ ኢዜኦ ሐይቅ፣ ጣሊያን (2016)፦ 16 ቀናት
* የለንደን ማስታባ፣ ሃይድ ፓርክ (2018)፦ ሦስት ወራት ያህል
* የተጠቀለለው አርክ ደ ትሪዮምፍ፣ ፓሪስ (2021)፦ 16 ቀናት